ያልቀመስነው ጎድን

ከባሌ ከደረጀ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ የጎድን ሽፋን መግፈፍ ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤታችን፣ የኩሽናው ጠረጴዛ ዳርና ዳር ቆመን። ከአሳማ ጎድን ጀርባ፣ በአጥንቱ በኩል፣ እንደ ላስቲክ የሚሳብ ስስ ሽፋን አለ። እሱ ካልተነሣ ቅመሙ አይገባም፤ ሲበላም ጥርስ ላይ ይጎተታል። ደረጀ በቢላ ጀርባ ጫፉን ያነሣልኛል፣ እኔ በወረቀት ፎጣ ይዤ እስባለሁ። አንዱ ሳይበጠስ ከዳር እስከ ዳር መጣልኝና "አየህ?" አልኩት።

"አየሁ። አሁን ደግሞ ሽልማት ልትጠይቂ ነው" አለኝ።

ጋገርን። ከመጀመሪያው ትሪ ላይ ሁለት ሦስት አጥንት ቆረጠ፣ በፎይል ጠቀለለና የመኪናውን ቁልፍ አነሣ። ወደ አሌክሳንድሪያ ሊሄድ ነው።

"ዛሬ እንኳ ቢቀር ምናለ?" አልኩት።

"እሷ ሳትቀምሰው ለደንበኛ አይሰጥም" አለኝ።

እንደ ወትሮው ከፋኝ። እንደ ወትሮው ሄደ። በዚያው ሳምንት አንድ ጠዋት ጫማውን ሲያስር ልቡ ቆመ።

ስለ ሥራችን እንድጽፍ የጠየቁኝ ምግብ ሥራ ላይ ያሉ ወጣት ሴቶች ናቸው። "እትዬ፣ እንዴት እንደጀመራችሁ ጻፉልን" አሉኝ። ስለ ሥራው ብቻ ልጽፍ ነበር የተነሣሁት። ነገር ግን ደረጀ ፎይሉን ይዞ የሚሄድላትን ሴት ትቼ ስለ ሥራው መጻፍ አቃተኝ። ቀስ እያልኩ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

የመጀመሪያ ቀኔ አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ ላንድማርክ አካባቢ በነበረ አንድ የባርቤኪው ቤት ነው። ደረጀ ከእኔ በፊት ገብቶበት ነበር። በዚያ ኩሽና ማዕረግ አለ። ታች ዕቃ አጣቢው ነው። ከእሱ በላይ ፕሬፕ የሚባለው አለ፤ ሥጋውን ያጸዳል፣ ቅመሙን ይመጥናል። ከዚያ መቁረጫው ጣውላ ላይ የሚቆመው፤ ከሁሉም በላይ እሳቱን የሚጠብቀው። ደረጀ ከዕቃ አጣቢነት ወደ ፕሬፕ ወጥቶ ነበር። ባለቤቱ ሚስተር ሬይ፣ ሽርጡ ከሆዱ ጋር የሚታገል ትልቅ ሰው፣ "እጅሽን አሳዪኝ" አለኝ። እጄን ገልብጦ አየና "ይህ ጣት ሽፋን ይገፍፋል" ብሎ ከባሌ ጎን አቆመኝ።

ማታ ልንወጣ ስንል ሚስተር ሬይ አንድ አጥንት አንሥቶ ዘረጋልኝ። "ቅመሺ፤ የምትሠሪውን እወቂ።"

እኔ ደረጀን አየሁት። ደረጀ መሬት መሬት አየ። "እሷም እንደኔ ናት" አለ።

"አምላኬ! አንዱ አልበቃ ብሎኝ ሁለት ሆኑ!" አለ ሰውዬው። "የማይበላውን ሰው እንዴት ያበስለዋል?"

ያን ጊዜ መቁረጫው ጣውላ ላይ የቆመች ሴት ሳትዞር መለሰችለት፦ "እኔ እበላለታለሁ። ሁልጊዜም የምበላለት እኔ ነኝ።"

ኩሽናው በሙሉ ሳቀ። የእኔ እንግሊዝኛ ለሳቁ አልደረሰም። "ሁልጊዜም" ያለችው ግን ገባኝ።

ሴትዮዋ ሎሬታ ትባላለች። ተወልዳ ያደገችው አሌክሳንድሪያ ነው፤ ጎድን የተማረችውም ከእናቷ ነው። ከእኔ ጥቂት ትበልጣለች፤ ስትስቅ ሙሉ ሰውነቷ ይስቃል። ባሌን ሙሉ ስሙን አትጠራውም፤ "ዲ" ነው የምትለው። እኔ ሚስቱ ስሙን አሳጥሬ አላውቅም።

አቀማመሱ እንዲህ ነበር። ደረጀ ከዳር ያለውን አጥንት ቆርጦ ይሰጣታል። እሷ ዓይኗን ጨፍና ታኝካለች። እሱ ፈተና እንደተፈተነ ተማሪ እጁን ሽርጡ ላይ እየጠረገ ይጠብቃል። "ስኳሩ ቀድሟል" ትላለች፤ ወይም "ኮምጣጣው ዘግይቷል"፤ ወይም ዝም ብላ ሁለተኛ አጥንት ታነሣለች። ሁለተኛ ካነሣች ሆነ ማለት ነው። ያን ጊዜ የደረጀ ፊት የሚሆነውን እኔ ቤት ውስጥ አይቼው አላውቅም። የእኔን ወጥ ዜና እያየ ነው የሚበላው። "እንዴት ነው?" ስለው "ጥሩ ነው" ይላል፤ ዓይኑን ግን ከቴሌቪዥኑ አያነሣም።

እንዲህ እያደረገ በሰው አፍ ሙያ ተማረ። እሷ "ትንሽ" ስትል ስንት ማንኪያ እንደሆነ ያውቃል። በኋላ ሚስተር ሬይ እሳቱን ለእሱ ሰጠው። እዚያ ቤት አሳማ ቀምሶ የማያውቅ ሰው የእሳት አለቃ ሆነ። ሎሬታ በደስታ አቀፈችው፤ እኔ እንኳን ደስ ያለህ ያልኩት ሦስተኛ ሆኜ ነው።

የንስሐ አባታችን አንድ ቀን ቤት መጡና ስለ ሥራችን ጠየቁን።

"ትቀምሱታላችሁ?"

"አንቀምስም አባ" አለ ደረጀ።

"ጣት መላስስ?"

"እሱንም አንልስም።"

ትንሽ አሰቡና "ታዲያ መጣፈጡን በምን ታውቃላችሁ?" አሉ።

"የምትቀምስልን ሴት አለች" አላቸው። "የምትቀምስልህ" ብዬ አረምኩት። አባ ወደ እኔ ዞር ብለው አዩኝ፤ ከዚያ በኋላ ስለ አሳማ አልጠየቁንም።

ሚስተር ሬይ ሲያረጅ ቤቱን ሸጠው፤ ቦታው ላይ አፓርትመንት ቆመ። እኛ ቀደም ብለን ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ተሻግረን ነበርና ደረጀ "በቤታችን ኦቨን እንሞክረው" አለ። የድሮ ደንበኞች ለልደት፣ ለኳስ ቀን፣ ለቤተሰብ መሰባሰቢያ ይደውሉልን ጀመር። የአሳማውን ትሪና ቢላ ከቤታችን ዕቃ ለይተን እጀታቸው ላይ ቀይ ቴፕ ጠመጠምንባቸው። እንዲያም ሆኖ ከማኅበራችን ሴቶች አንዷ እኛ ቤት ውኃ የምትጠጣው ከራሷ ጠርሙስ ነበር።

በኦቨን መሥራት ሌላ ትምህርት ነው። ኦቨን ጭስ የለውም፤ ጭሱን ፓፕሪካ ከሚባለው፣ በጭስ ከደረቀ በርበሬ መበደር አለባችሁ። ሽፋኑ ከተነሣ በኋላ ጎድኑን በሰናፍጭ ትቀቡታላችሁ፤ ሰናፍጩ ለጣዕም ሳይሆን ቅመሙን እንዲይዝ ነው። ከዚያ ጨው፣ ቡናማ ስኳር፣ ፓፕሪካ፣ ቁንዶ በርበሬና የነጭ ሽንኩርት ዱቄት ይነሰነስበታል። በፎይል ግጥም አድርጎ መጠቅለልና በዝቅተኛ ሙቀት መተው። እየከፈቱ ማየት ክልክል ነው፤ በከፈታችሁ ቁጥር እንፋሎቱ ይሄዳል። ሥጋው ሸሽቶ የአጥንቱ ጫፍ ብቅ ሲል በመቆንጠጫ መሐሉን ታነሡታላችሁ። ጎንበስ ብሎ ላዩ ከተሰነጠቀ ደርሷል። ያን ጊዜ ፎይሉን ከፍቶ ሶስ መቀባትና ከላይ በሚወርደው እሳት ማስያዝ ነው። ሶሱ የእኔ ሥራ ነበር፤ ኬቸፕ፣ አቼቶ፣ ሞላሰስ፣ ሽንኩርት። ሶስ ውስጥ አሳማ የለም፤ ስለዚህ እሱን እቀምሰዋለሁ።

ጣጣው ሎሬታ አሌክሳንድሪያ መቅረቷ ነው። ደረጀ ዓርብ ዓርብ የመጀመሪያውን ትሪ ይጋግርና ፎይሉን ይዞ ቤልትዌይ የሚባለውን የቀለበት መንገድ ዞሮ፣ ዊልሰን ድልድይን ተሻግሮ ይሄድላታል። ለአንድ ጉርሻ! መንገዱ ሲዘጋ ከሰዓቱ በሙሉ እዚያ ያልቃል።

"ጎረቤታችን ሚስተር ጂም ለምን አይቀምስልህም?" አልኩት።

"ጂም ሁሉንም ግሩም ነው ይላል። ካርቶኑን ብሰጠው ግሩም ነው ይላል።"

"ስንት ሰው አለ እዚህ አሳማ የሚበላ!"

"የማምነው የእሷን ምላስ ነው።"

"የእኔንስ?"

"ያንቺንማ እፈራዋለሁ" አለና ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

አንድ ዓርብ አብሬው ሄድኩ። "መኪና ውስጥ እጠብቅሃለሁ" ብዬ ቁጭ አልኩ። በሩ ላይ ቆሞ ፎይሉን ሲፈታላት፣ ዓይኗን ስትጨፍን፣ ሁለተኛ አጥንት ስታነሣ በመስኮት አየሁ። አንድ ነገር አለችው፤ ሁለቱም ሳቁ፤ እጇን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች። ድልድዩ ላይ ስንደርስ "እጇን ትከሻህ ላይ አደረገች" አልኩት።

"አዎ፤ እጇ ደግሞ ቅባት ነበረው" አለ። "ሸሚዜን እጠቢልኝ።"

አጠብኩለት። ቅባቱ በአንድ ጊዜ አልለቀቀም።

ሲቀበር ሎሬታ መጣች። ጥቁር ለብሳ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆመች፤ ከዚያ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። እኔ ያን ቀን ድምፄ ጠፍቶብኝ ነበር። ሴቶቹ "ማናት?" አሉኝ። "የሥራ ባልደረባው ናት" አልኩ። በለቅሶ እንኳ ቀደመችኝ።

ከአርባው በኋላ ሚስተር ዋትስ ደወለ። በየክረምቱ ለቤተሰብ መሰባሰቢያው ከእኛ ጎድን የሚወስድ የድሮ ደንበኛ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ዘንድሮ ብትተዪውም እንረዳለን" አለኝ።

"አልተወውም" አልኩት።

ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። ደረጀ ፎቶ የሚወድ ሰው አልነበረም፤ ድምፁም የትም አልተቀዳም። የቀረኝ ነገር ቢኖር ይህ ጎድን ነው። እኔ ካበላሸሁት ሰዎቹ ሌላ ቤት ይሄዳሉ፤ የእሱም እጅ ያኔ ከዓለም ይጠፋል። ሎሬታ ጋ ግን አልሄድም ብያለሁ።

ዘዴ አገኘሁ ብዬ አሰብኩ። የበሬ ጎድን ገዝቼ በዚያው ቅመም፣ በዚያው ሶስ፣ በዚያው ኦቨን ጋገርኩ። በሬ እበላለሁ። እሱን እየቀመስኩ አስተካክልና አሳማውን በዚያው ልክ እሠራለሁ። ዓርብ ጾም ስለሆነ ሐሙስ አደረግኩት። የመጀመሪያው አልጫ ሆነብኝ፤ ጨው ጨመርኩ። ሁለተኛው ግሩም ሆነ። ባሌ ያን ሁሉ ዓመት ለምን ቤንዚን እንደጨረሰ አልገባኝ አለ።

በዚያ ልክ የአሳማውን ጋግሬ ለጎረቤታችን ለሚስተር ጂም አንድ ራክ፣ ማለትም አንድ ሙሉ ተርታ ጎድን፣ ሰጠሁት። በማግስቱ ትሪውን ሊመልስ መጣ።

"እንዴት ነው?" አልኩት።

"ግሩም ነው" አለ። ትሪውን አቀበለኝና "ውኃ ግን በጣም ጠጣን" አለ።

ልጄ ሊያ ይህን ስነግራት በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ፤ እንደ ልማዷ። "ማሚ፣ ሎሬታ ጋ ሂጂ በቃ።"

"ሩቅ ነው።"

"ዳድ በየሳምንቱ ይሄድ የለ?"

"እሱማ ይሄድ ነበር!" አልኳት። ድምፄ ሳላስበው ከፍ አለ። ሊያ ስልኳን አስቀምጣ አየችኝ።

"ኦ" አለች። "ኦ፣ ማሚ።"

"ምን 'ኦ' ያስብላል? እኔ እኮ ስለ ጨው ነው የማወራው።"

የሚስተር ዋትስ ቀን ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው እንደገና ጋገርኩ። ጨው ቀነስኩ፤ ግን ምን ያህል መቀነስ እንዳለብኝ የሚነግረኝ የለም። አንድ አጥንት ቆርጬ በእጄ ያዝኩ። ቤት ውስጥ ማንም የለም። እስከ ከንፈሬ አመጣሁት። ሽታውን በእንቅልፌም አውቀዋለሁ፤ የዚያን ጊዜ ግን ከሽታው ኋላ ሌላ ነገር እንዳለ ተሰማኝ፤ ባሌ የሠራው፣ ባሌም የማያውቀው። እሱ ያላለፈበትን እኔ ብቻዬን ላልፍበት አልፈለግኩም። መልሼ ትሪው ላይ አኖርኩት። ከዚያ በፎይል ጠቀለልኩትና ቁልፉን አነሣሁ።

ሎሬታ በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው ፎይሉን ነው፤ ቀጥሎ እኔን። እጇን ዘረጋች። ዓይኗን ጨፈነች፣ አኘከች። እኔ እጄን ቀሚሴ ላይ ስጠርግ ራሴን ያዝኩና አቆምኩ።

"ጨው በዝቷል" አለች። "ደግሞም ሶሱ ደክሟል፤ አቼቶው የት ሄደ? ዲ ይህን ከኩሽና አያስወጣውም ነበር።"

ፎይሉን ቀምቼ ልሄድ አማረኝ። "ጨው የበዛው የት ላይ ነው? ሥጋው ላይ ወይስ ሶሱ ላይ?" አልኳት።

ዓይኗን ገለጠች። "ሥጋው ላይ። በምን ቀምሰሽ ነው የመጠንሽው?"

"በበሬ ጎድን።"

ያ ሳቋ መጣ። በሩን ተደግፋ እስክታነባ ሳቀች። "የኔ እመቤት፣ በሬ እኮ ጨው ይበላል! አሳማ ራሱ ጣፋጭ ነው፤ የበሬን ጨው ብታለብሺው ይጮኻል። ግማሹን አንሺለት። አቼቶውን ደግሞ ከእሳት ካወረድሽ በኋላ ጨምሪ፤ ሲንተከተክ እየበነነ ነው የሚጠፋብሽ።" ከዚያ ገለል አለችልኝ። "ግቢ እንጂ። ወይስ አንቺም እንደሱ ነሽ?"

"እንደሱ ማለት?"

"ገብቶ አያውቅማ! ያን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ቁጭ አላለም። ሻይ አፈላለሁ፤ እሱ 'ሚስቴ ሶሱን ጥዳ እየጠበቀችኝ ነው' ብሎ ይሮጣል። ምን ዓይነት ሚስት ናት እንዲህ የምታስሮጠው እያልኩ ስበሽቅብሽ ኖርኩ።"

ገባሁና ተቀመጥኩ። ደስ አለኝ ብዬ አልዋሽም፤ አልከፋኝም ብዬም አልዋሽም። ቁጭ ካልኩ በኋላ ከቤቴ ጀምሮ ሳስበው የመጣሁትን ጠየቅኳት። "የእሱ ጎድን ምን ምን ይል ነበር? ጣዕሙን ንገሪኝ።"

ሎሬታ አሰበች። "መጀመሪያ ጣፋጩ ይመጣል" አለች። "ከዚያ ጭሱ። ከዚያ…" እጇን አየር ላይ አንከባለለችና ተወችው። ዓይኗን ጨፍና ፈገግ አለች። ያ ፈገግታ ወደ ውስጥ ነበር። ባሌ እዚያ፣ አፏ ውስጥ ነበር። እኔ ሸሚዙ አለኝ፣ ጫማው አለኝ፣ ልጁ አለችኝ። በሕይወቱ አሳምሮ የሠራውን ነገር ግን የምታውቀው እሷ ናት። ቅናቴ ያን ቀን የሚወጣ መስሎኝ ነበር። አልወጣም። በፊት የምቀናው በእጇና በሳቋ ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የምቀናው በምታስታውሰው ነው፤ ይኸኛው ደግሞ ከባድ ነው።

በማግስቱ ባለችኝ ልክ ሠራሁና ይዤላት ሄድኩ። አኘከች። ቀና ሳትል ሁለተኛ አጥንት አነሣች።

"እሱን ሆነ?" አልኳት።

"አልሆነም" አለች። "ጥሩ ሆኗል። እሱን ግን አልሆነም።"

ለሚስተር ዋትስ ሰጠሁት። ቤተሰቡ በላ፤ ሲተርፍ አላየሁም። ለቀጣዩ ክረምትም አዞኛል።

እናንተ ወጣቶቹ ከዚህ ሥራ አንድ ነገር ያዙ። የምትሠሩትን የማትቀምሱ ከሆነ የምታምኑት ቀማሽ ያስፈልጋችኋል። የምትወዱት ሰው መሆኑ ግድ አይደለም። ጉድለቱን የሚናገር ይሁን።

አሁን ዓርብ ዓርብ ጎድን ጋግሬ አሌክሳንድሪያ እወስዳለሁ። ሎሬታ ትቀምሳለች፣ እኔ ሻይዋን እጠጣለሁ። እቀናባታለሁ። ጨዉን እሷ ባለችው ልክ አደርጋለሁ።